የራስ ምታት ቅጠልና የተቆለፈው መጽሐፍ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ አገር ግን የተደበቀው በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ነበር።

የለንደን ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1618 ያሳተመው የመድኃኒት መጽሐፍ የተጻፈው በላቲን ነው። ላቲን ለማያውቀው ሰፊ ሕዝብ መጽሐፉ እንደ ተቆለፈ ሣጥን ነበር። ይሁን እንጂ ቅጠሉ የሚበቅለው በሕዝቡ ደጃፍ ነው። ከእነዚህም አንዱ መሐሉ ቢጫ፣ ዙሪያው ነጭ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ የሚመርረው ፊቨርፊው የተባለ ተክል ሲሆን፣ ለራስ ምታት ይፈለግ ነበር።

ቁልፉን የሰበረው ኒኮላስ ካልፔፐር የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ካልፔፐር በእርስ በርሱ ጦርነት ከፓርላማው ወገን ተሰልፎ የቆሰለ፣ በስፒታልፊልድስ ሠፈር ድሆችን ያክም የነበረ ሰው ነው። ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ አንገቱን በተቀላበት በ1649 የኮሌጁን መጽሐፍ ሳያስፈቅድ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የንጉሡ ወገን ጋዜጣም በስድብ ተነሣበት። እርሱ ግን አላፈገፈገም፤ በ1652 በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ የዕፀዋት መጽሐፍ አወጣ። በዚህም ፊቨርፊው ተቀጥቅጦ በአናት ላይ ቢደረግ ከብርድ የመጣ የራስ ሕመምን እንደሚያሽል ገለጠ።

ይህ ሲባል ግን የሕዝቡም ሆነ የካልፔፐር ዕውቀት ከስሕተት የጸዳ ነበር ማለት አይደለም። ካልፔፐር እያንዳንዱን ተክል ከኮከብ ጋር ያዛምድ ነበር። በዚያው ዘመን ዋልነት የተባለው ፍሬ አስኳሉ አንጎል ስለሚመስል ብቻ ለራስ ሕመም ፍቱን ነው የሚሉ ጸሐፊዎችም ነበሩ። መልክ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃ የሚገኘው በፈተና ነው። በኖቲንግሃም ከተማ ተካሂዶ በ1988 በታተመ ጥናት 72 የማይግሬን ሕመምተኞች ተካፈሉ። እያንዳንዳቸው ለአራት ወራት የፊቨርፊው ደረቅ ቅጠል፣ ለሌላ አራት ወራት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ እንዲወስዱ ተደረገ። ቅጠሉን በወሰዱበት ጊዜ ሕመሙ የሚመላለስባቸው ቀንሶ ታየ። ይሁንና የተፈተነው የሚዋጠው ቅጠል እንጂ በአናት ላይ የሚደረገው አይደለም። የኋለኞቹ ጥናቶች ውጤትም የተለያየ በመሆኑ ማስረጃው ዛሬም ጠንካራ አይባልም።

እንግዲህ ሕዝብ በዘመናት ያከማቸው ዕውቀት ሳይመረመር ሊናቅም ሊመለክም አይገባም። ለመመርመር ደግሞ አስቀድሞ ማንበብ መቻል ያሻል። ካልፔፐር አርባ ዓመት ሳይሞላው በ1654 አረፈ። የኮከብ ቆጠራው አርጅቷል፤ የከፈተው ሣጥን ግን ዳግመኛ አልተቆለፈም።