ንቃተ ህሊና

በአብዮቱ ዘመን «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» ሲባል፣ ንቃት የፖለቲካ ጉዳይ ነበር። ፈላስፎች ግን «ንቃተ ህሊና» የሚሉት ባለቤቱ ብቻ ከውስጥ የሚያውቀውን ስሜት ነው።

ወላይታ ላይ የዚህ የውስጥ ስሜት ጥያቄ ከእግር ይጀምራል። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የተባለውን የእግር እብጠት ሊያመጣ ይችላል። እብጠቱ በሜትር ይለካል፤ ማቃጠሉ ግን አይለካም። ሶዶ ላይ እግር የምታጥብ ነርስ «ያቃጥልዎታል አባባ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሌላ መንገድ የላትም።

መልሱን በምን ታምናለች? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1865 (እ.ኤ.አ.) ሰው ከራሱ ተነስቶ የሌላውን ስሜት ይገምታል አለ። ደካማ ማስረጃ ነው፤ ናሙናው አንድ ሰው ብቻ! ፈላስፋው ዊትገንስታይን ደግሞ ነገሩን ገለበጠው፦ የሚያቃስትን ሰው ስናይ ግምት ውስጥ አንገባም፤ ወዲያው እናዝንለታለን። ነርሷም ሽማግሌው አዎ እንዳሏት ሳሙናውን ቀስ አድርጋ ታዞራለች።