መፋቂያ የሠራው፣ መፋቂያ ያልሠራው

ከዕፅዋት የተቀመሙ የጥርስ ሳሙናዎች ሲተዋወቁ የመፋቂያ ታሪክ አብሮ ይጠራል፤ አያቶቻችን በወይራ እንጨት እየፋቁ ጥርሳቸውን ጠብቀው ስለኖሩ፣ ከቅጠልና ከቅርፊት የተሠራው ሳሙናም መበስበስ የጀመረ ጥርስ ይጠግናል ነው ነገሩ። መፋቂያ ሲሠራ የኖረው ግን ሌላ ሥራ ነው። ስንዝር የምታህል የወይራ ወይም የክትክታ ቅርንጫፍ ትቆረጥና ጫፏ ተልጦ ይታኘካል፤ ጭረቱ ሲፍታታ ብሩሽ ይሆናል። ባለቤቱም መንገድ እየሄደ ወይም ከብት እየጠበቀ፣ ሳይቸኩል ጥርሱን አንድ በአንድ ይፋቃል። ምሬቱ ምራቅ ያመጣል፣ ፍትጊያው ቆሻሻ ያነሳል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ ጥገና ግን አይደለም። ለሚያመው ጥርስ የሚያዘው ቅርንፉድም ቢሆን ሕመሙን ያደነዝዛል እንጂ የተቦረቦረውን አይደፍንም።

«ታዲያ የእነሱ ጥርስ በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ፍሎራይድ፣ ሳይኖር እንዴት ቆየ?» ተብሎ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። የሁሉም አልቆየም፤ ቢቆይማ ኖሮ በጉጠት ጥርስ የሚነቅል ወጌሻ ባላስፈለገ ነበር። የቆየላቸውን ሰዎች ከእንጨቱ ይበልጥ የጠቀማቸው ገበታቸው ይመስለኛል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስኳር ከብዙው ቤት የራቀ ነበር። ጣፋጭ በተቀመሰ ቁጥር በጥርስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች አሲድ ያመነጫሉ፤ የአፍ ፒኤች ከ5.5 ገደማ ሲወርድ የጥርሱ ልባስ ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። የመጀመሪያው ምልክት የደበዘዘ ነጭ ነጥብ ነው። ቀዳዳ እስካልሆነ ድረስ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት ተመልሶ ሊሞላው ይችላል፤ ፍሎራይድ ይህን ያፋጥናል፣ የተሞላውንም አሲድ እንዲቋቋም ያደርጋል። ከዕፅዋት የተሠራ ሳሙና ፍሎራይድ ካለው ይህን ሥራ ይሠራል፤ ከሌለው የዕፅዋቱ ብዛት አይተካውም።

ያው ወንጂ ሌላ ተቃውሞም ያስነሳል። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሠራተኞችን ልጆች ጥርስ አበልዟል፣ ለዓመታት የጠጡትንም አጥንት ጎድቷል። የስምጥ ሸለቆ ሰው «ፍሎራይድ» ሲባል ቢሸሽ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ጥርስ የሚበልዘው ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ሕፃኑ በሚውጠው ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ላይ ወሰን ያበጀውም ለዚህ ነው። ሳሙናው ግን ጥርሱን ነክቶ ይተፋል። መትፋት ላልቻለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ ይቀባለታል።