ከመለያ ቁጥሩ ውስጥ የሌለው መኪና

አሜሪካኖች «መስል ካር» ከሚሏቸው፣ እኛም ባለጡንቻ ብንላቸው ከማያስከፋቸው አሮጌ መኪኖች አንዱን ገዝቼ ለማደስ ስፈልግ ከርሜያለሁ። ዓይኔን የጣልኩት እ.ኤ.አ. በ1964 በተሠራው ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ይህ ጉዳይ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሻጭ ባገኘሁ ቁጥር ክርክራችን ከሞተሩና ከቀለሙ አልፎ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት በአንድ ኩባንያና በአንድ መንግሥት መካከል ወደነበረ መፈራራት እየሄደ አስቸግሮኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ የአሜሪካን የመኪና ገበያ ግማሽ ያህል ይዞ ነበር። ዋሽንግተን በሞኖፖሊ ከስሶ ኩባንያውን ይበታትነዋል የሚለው ስጋት የአለቆቹን እንቅልፍ የነሳበት ዘመን ነው። በ1963 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው ቅርንጫፎቹ ሁሉ ከመኪና እሽቅድምድም እጃቸውን እንዲያወጡ አዘዘ። በመካከለኛ መኪኖች ላይም ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ወሰን ነበረው።

ፖንቲያክ ደግሞ ስሙን የገነባው በእሽቅድምድም ነበር። ዋና መሐንዲሱ ጆን ደሎሪያን ከቢል ኮሊንስና ከረስ ጊ ጋር ሆኖ፣ ለትልቁ ፖንቲያክ የተሠራውን ባለ389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ቴምፔስት በተባለው መካከለኛ መኪና ኮፈን ሥር አስገባው። ክልከላው እንዴት ታለፈ? ክልከላው የሚመለከተው ሞዴልን ነዋ! ጂ.ቲ.ኦ. የሚባል ሞዴል የለም፤ ያለው ለማንስ የሚባል ቴምፔስት ነው፤ ደንበኛው ከፈለገ 295 ዶላር ገደማ ጨምሮ «ተጨማሪ ዕቃ» ያስገጥምበታል፤ ይኸው ነው። የፖንቲያክ ኃላፊ ፒት ኢስተስ ይህን ፈቀደ። የሽያጭ ክፍሉ ከ5,000 በላይ ለመቀበል አልደፈረም ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቆጣል? ትርፍን የሚቆጣ አለቃ እስካሁን አላየሁም።

የመኪና ወዳጆች ይህን እንደ ጀግንነት ይተርኩታል። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ግን ቢሮክራሲን በራሱ ቋንቋ የማታለል ጥበብ ነው፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ ይህን ጥበብ ለማድነቅ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዳፋው የተረፈው ለዛሬ ገዥ ነው። ሞዴሉ በወረቀት ላይ ስላልነበረ የ1964ና የ1965 መኪኖች መለያ ቁጥር ጂ.ቲ.ኦ. ስለመሆናቸው አንዳች አይናገርም። በ1966 ራሱን የቻለ ሞዴል ሲሆን ነው ቁጥሩም የተለየው። ከዚያ በፊት የተሠራውን ሊብሬውን ብታገላብጡ፣ በሩ አጠገብ የተመታውን ቁጥር ብትመረምሩ፣ ስምንት ሲሊንደር ያለው መካከለኛ ፖንቲያክ መሆኑን ብቻ ታገኛላችሁ። በመሆኑም ተራ ለማንስ በርካሽ ገዝቶ፣ ሞተር ቀይሮ፣ ሦስት ፊደላት ለጥፎ በውድ የሚሸጥ ሰው ቁጥሩን መፋቅ እንኳ አያስፈልገውም። ለዚህ ዓይነቱ ሐሰት በሩን የከፈተለት ያ የጥንቱ ብልጠት ነው።

በቅርቡ ከአንድ መካኒክ ወዳጄ ጋር ፔንስልቬንያ ድረስ ሄደን አንዱን አይተናል። ወዳጄ ባትላሜራ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የተማረ ሰው ነው፤ መኪና ሊያይ ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ማግኔት ይይዛል። ከኋላ ጎማው በላይ ያለው አካል ላይ ሲያስጠጋው ማግኔቱ መሬት ወደቀ። «ይኼ ላሜራ አይደለም፤ ስቱኮ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከሥር ስንገባ የወለሉን ላሜራ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በልቶታል። ሻንሲው ግን ጤነኛ ነው፤ የቀረው ብየዳና ገንዘብ የሚፈታው ነገር ነው። ከመለያ ቁጥሩ መካከል ባልቲሞርን የምታመለክተውን «ቢ» ፊደል ስናገኝ ደስ አለኝ። የባልቲሞሩ ፋብሪካ በ2005 ተዘግቷል፤ በቦታው ዛሬ የአማዞን መጋዘን ቆሟል።

ሻጩ መኪናው እውነተኛ ጂ.ቲ.ኦ. ስለመሆኑ ማስረጃ ሲጠየቅ ያሳየን የተለጠፈውን ስም ነበር። እንደ እድል ሆኖ የፖንቲያክ የፋብሪካ ደረሰኞች ቅጂ አልጠፋም፤ ቁጥሩን ልካችሁ ብትከፍሉ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ምን እንደነበረው የሚያሳይ ወረቀት ይላክላችኋል። ጄኔራል ሞተርስ በከሰረበት በ2009 የፖንቲያክን ስም እንደሚዘጋ አስታውቋል፤ ሠሪው ሞቶ የሒሳብ ክፍሉ ወረቀት ግን ይመሰክራል። ደረሰኙ እስኪመጣ ድረስ የለማንስ ዋጋ ሰጥተን ተመለስን። ሻጩ አልተደሰተም።

ስለ ባለጡንቻዎቹ አሟሟት የሚነገረውም ተረት መታየት አለበት። ገዳያቸው የዓረቦች የነዳጅ ማዕቀብ ነው ይባላል። የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመድን ድርጅቶች ኃይለኛ መኪና የሚነዳን ወጣት አረቦን ያስወደዱበት ነበር። ጄኔራል ሞተርስ የ1971 ሞዴሎቹን የሞተር ኮምፕሬሽን ዝቅ ያደረገው፣ ሊድ ባነሰው ወይም ጭራሽ በሌለው ቤንዚን እንዲሠሩ ብሎ ነው። ታኅሣሥ 31 ቀን 1970 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የንጹሕ አየር ሕግ ደግሞ ከመኪና የሚወጣው ብክለት በ1975 ሞዴሎች ላይ በ90 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። የሸቭሮሌ ሸቬል ትልቁ ባለ454 ሞተር በ1970 እስከ 450 የፈረስ ጉልበት ይባልለት ነበር፤ በ1971 ወደ 365፣ በ1972 ወደ 270 ወረደ። ከመጨረሻው ቅናሽ ብዙው የመለኪያው ለውጥ ነው፤ ሞተሩ የሚጎትታቸው ልዩ ልዩ ዕቃዎች ተገጥመውበት መለካት ስለተጀመረ ነው። የክራይስለር ባለ426ቱ ሄሚም ለመንገድ መኪና መሸጡ በ1971 አበቃ። በዛሬው ገበያ የ1970ውና የ1972ቱ ዋጋ ያን ያህል የሚራራቀው ስለዚህ ነው፤ ገዥው በሁለቱ ዓመታት መካከል የወጣውን ሕግ ጭምር ይከፍላል።

ማዕቀቡ የመጣው በጥቅምት 1973 ነው። ለዲትሮይቱ ባለጡንቻ ለቀስተኛ ሆኖ ቢደርስ እንጂ ገዳይ ሊሆን አይችልም። የነዳጁ መወደድ ሥርዓት ያናጋበትን አገር የሚፈልግ ወደ አዲስ አበባ ይመልከት፤ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. (ይህ ማለት እነሱ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1974 የሚሉት ነው) ባለታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ የተነሣ ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በዚያው ቀን ወጡ፤ በቀናት ውስጥ መንግሥት ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ፤ የተከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ጂ.ቲ.ኦ. በበኩሉ በ1972 ከሞዴልነት ወርዶ እንደ ጥንቱ የለማንስ «ተጨማሪ ዕቃ» ሆኗል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚታለል አለቃ አልነበረም፤ ፈላጊ ስለጠፋ ብቻ ነው። ባለታክሲዎቻችን ሥራ ባቆሙበት በ1974 ስሙ ቬንቹራ በተባለች ትንሽ ፖንቲያክ ላይ ተለጥፎ 7,058 ተሸጠ፤ በዚያው ቆመ።