የመንገድ አደጋ በትናንሽ ከተሞች

የትራፊክ አደጋ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው አዲስ አበባን ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ በሚወስደው መንገድ የምትገኘውን አሊዩ አምባን በማሳያነት አነሳለሁ።

አሊዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ስመ ጥር የገበያ ከተማ ነበረች። ያን ጊዜ መንገዱ የሰው፣ የግመልና የበቅሎ ስለነበር ገበያውና መንገዱ መቀላቀላቸው ለሕይወት አያሰጋም ነበር። ዛሬ ግን በእንዲህ ዓይነት ከተሞቻችን ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ የተጫነ አህያና የጭነት መኪና በአንድ መንገድ ይጋፋሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በመንገድ አደጋ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም 92 በመቶው የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ 23 በመቶው እግረኞች ነበሩ።

ዋናው ጉዳይ ፍጥነት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ60 ሲጓዝ ደግሞ 17 ሜትር ያህል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ቁልቁለት ሲጨመርበት ርቀቱ ይበልጥ ይረዝማል።

ረጅም ቁልቁለትን ፍሬን ብቻ እየያዙ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማርሽ ፍሪ አድርጎ መውረድማ የሞተሩን እገዛ ጭራሽ ያሳጣል። ስለዚህ ገና ከአፋፉ ላይ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መቀየር ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ አደጋ በደረሰ ቁጥር አሽከርካሪውን ብቻ መውቀስ በቂ ነው ብዬ አላምንም። ሰው ይሳሳታል፤ መንገዱ ግን ስህተቱ ነፍስ እንዳያጠፋ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ እግረኛው የሚያቋርጠው ርቀት እንዲያጥር የተደረገው በቀለምና በቀላል ቁሳቁሶች ነበር።

ለትናንሽ ከተሞቻችንም ከመግቢያቸው በፊት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ለእግረኛ የተለየ መሄጃ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ያለ ገበያና የመኪና ማቆሚያ ቢዘጋጅላቸው ወጪው የሚከብድ አይመስለኝም። የከተማ አስተዳደሮችና የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ይህን ማሰብ ያለባቸው መንገዱ ሲነደፍ እንጂ ሰው ከሞተ በኋላ መሆን የለበትም።