የአደባባይ ዋት፣ የሳሎን ድምፅ

በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የድምፅ ዕቃ ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩ መልሱን ከካርቶኑ ላይ ያነባል፤ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ዋጋው ይከብራል፣ ክርክሩም በዚያው ያልቃል። አምፕሊፋየሩ የሚነዳው ስፒከር የትኛው እንደሆነ፣ ስፒከሩ የሚቀመጥበት ክፍልም ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዋት የመቁጠሩ ልማድ ከሰዎች አለማወቅ የመጣ አይመስለኝም። ታሪክ ያወረሰን ነው። ድምፅ ማጉያ ወደ አገራችን የገባው በአደባባይ የተሰበሰበ ሕዝብን ለመድረስ ነበር፤ በዚያ ቦታ ዋት መቁጠር ተገቢ ነበር። ስህተቱ የአደባባዩ መለኪያ ሳይለወጥ ሳሎን መግባቱ ነው። ለቤት የሚበጀው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ስፒከሩን መርምሮ፣ ከዚያ ለእሱ የሚስማማውን አምፕሊፋየር መፈለግ።

እ.ኤ.አ. በ1935 አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ሲመረቅ መቀበያ ያለው ቤተሰብ እጅግ ጥቂት ነበር። ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ ስርጭቱ እንደገና ሲጀመርም፣ አብዛኛው ከተሜ ዜናውንና ሙዚቃውን የሚሰማው አደባባይ ላይ ከተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ሥር ቆሞ ነበር። ሜዳ ላይ ድምፅ ቶሎ ይደክማል። ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ ጥንካሬ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ያን የጎደለውን ለመመለስ ኃይሉ በአራት እጥፍ ማደግ አለበት። 5 ሜትር ርቀት ላይ በደንብ የሚሰማ ንግግር 40 ሜትር ላይ ለቆመ ሰው በዚያው ጥንካሬ እንዲደርስ 64 እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። እንዲህ ባለ ስሌት ውስጥ ያደገ ባለሙያ ከዋት በፊት ሌላ ነገር ባይጠይቅ አይፈረድበትም።

በዚያው ዘመን ቤት ውስጥ የነበረው ድምፅ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በቱቦ የሚሠሩት የጠረጴዛ ራዲዮኖችና ራዲዮና ግራሞፎን በአንድ ሳጥን ያጣመሩት ትልልቅ ዕቃዎች ለስፒከራቸው የሚሰጡት ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ5 ዋት አይበልጥም ነበር። ሆኖም ሳሎን ይሞሉ ነበር፤ ምክንያቱም የስፒከራቸው ወረቀት ቀላል፣ ሳጥናቸው ሰፊ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ከፋብሪካው ሲወጡ ተመጣጥነው ነበር። የብስራተ ወንጌል ራዲዮ ይህን ልዩነት ጎልቶ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ የጀመረውና በ1977 ደርግ የወረሰው ይህ ጣቢያ፣ ከሰበታ ብዙም በማይርቀው ገጃ የተከላቸው የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ጉልበት ነበራቸው። ያን ስርጭት በየቤቱ የሚያሰማው የባትሪ ትራንዚስተር ግን ለስፒከሩ አንድ ሙሉ ዋት እንኳ አይሰጥም ነበር። ከማሰራጫው የሚጠበቀው ርቀት ማሸነፍ ነው፤ ከመቀበያው የሚጠበቀው ጆሮ አጠገብ መናገር ነው። ሁለቱን ሥራ በአንድ ቁጥር መለካት አይቻልም።

አምፕሊፋየርና ስፒከር ተለያይተው መሸጥ ሲጀምሩ የማጣጣሙ ኃላፊነት ከመሐንዲሱ ወደ ገዢው ተሻገረ። በእኛ አገር ይህ የሆነው ሙዚቃው ራሱ በተለወጠበት ጊዜ ነው። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ብቸኛ መብት በሐገር ፍቅር ማኅበር እጅ በነበረበት ወቅት፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያን ክልከላ ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ስም አሳተመ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው ተጭኖ የመጣው ከሕንድ ነው። ፊሊፕስና የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ተከተሉ፤ የሙዚቃ ተመራማሪው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚገምተው እስከ እ.ኤ.አ. 1978 ድረስ 500 ያህል ትንንሽ ሸክላዎች ወጡ። ሙዚቃ ቤቶች አዲስ ሸክላ ሲመጣ ስፒከራቸውን ወደ መንገድ አዙረው ያሰሙ ነበር። የአደባባዩ ልማድ በንግዱም በኩል ጸና ማለት ነው፤ ዘፈኑ የተዋወቀውም፣ የተለመደውም፣ የተወደደውም ከመኪና ጥሩምባ ጋር እየታገለ ነው። ከዚያ ካሴት መጣ፤ የደርግ የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦቹን ሲያዳክም ሙዚቃው በቴፕና በዴክ ቤት ገባ። ቤት ሲገባ ግን የጎዳናውን ጆሮ ይዞ ገባ።

ሦስቱ ከተሞች ይህን ውርስ ከአዲስ አበባ መሃል ይበልጥ ጠብቀው ያቆዩ ይመስለኛል፤ አቀማመጣቸው ያስገድዳቸዋልና። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ የተዘረጉ የመንገድ ዳር ከተሞች ናቸው። የመንገድ ዳር ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት የጭነት መኪና ድምፅ አሸንፎ መንገደኛ መጥራት አለበት። ሠርጉ ዳስ ወይም ድንኳን ውስጥ ነው፤ የሸራ ግድግዳ ድምፅ አያስቀርም፣ ስለዚህ የሚከራየው ሞንታርቦ ከባድ መሆን አለበት። ለብዙ ቤተሰብ «ጥሩ ድምፅ» ማለት ምን እንደሆነ የወሰነው ይህ የሠርግ ሞንታርቦ ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ብዙ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ቤቱን የሠራ ሰው ለሳሎኑ የድምፅ ዕቃ ሲገዛ በልቡ የያዘው መለኪያ ከድንኳኑ የመጣ ነው።

አምራቾች ይህን ጥማት ያውቁታል። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው በሺህ የሚቆጠር ዋት ብዙ ጊዜ ዕቃው ለቅጽበት እንኳ በእርግጥ የማይሰጠው ቁጥር ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1974 የአምፕሊፋየር ጉልበት በምን ሁኔታ ተለክቶ መገለጽ እንዳለበት የሚወስን ደንብ ለማውጣት የተገደደችው በዚሁ ማጋነን ምክንያት ነው። የሚታመነው ቁጥር በተከታታይ የሚሰጥ ኃይል ነው፤ ያውም ስንት ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ባለው ስፒከር ላይ እንደሆነ አብሮ ሲጻፍ።

አሁን ስሌቱን ለሳሎን እንሥራው። ደህና የቤት ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። ሁለት ስፒከሮች በመደበኛ ሳሎን ውስጥ 3 ሜትር ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው በ1 ዋት ብቻ 80 ዴሲቤል የሚጠጋ ድምፅ ያደርሳሉ፤ ይህ ለወሬ አያስችልም። ስለዚህ አብዛኛው ማዳመጥ የሚካሄደው ከአንድ ዋት በታች ነው። ከበሮው ሲመታ ወይም ነፋሾቹ በአንድነት ሲገቡ ድምፁ ለቅጽበት በ15 ዴሲቤል ቢዘል፣ 30 እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ማዳመጡ በሲሶ ዋት ከነበረ ያም 10 ዋት ገደማ ነው። ስፒከሩ 98 ዴሲቤል የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ያው ሥራ በአንድ ዋት ይሠራል። ይህ የ10 ዴሲቤል ልዩነት አስር እጥፍ አምፕሊፋየር ከመግዛት ጋር እኩል ነው፤ አምፕሊፋየሩን በእጥፍ ማሳደግ ግን 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል። የጥንቶቹ ራዲዮኖች በ5 ዋት ቤት የሞሉበት ምስጢር ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የራሳችን ምድር የምትጨምረው ነገር አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ምክርም አያነሳውም። ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናቸው። በ2,500 ሜትር አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 22 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ስፒከር የሚገፋው አየር ሲሳሳ ድምፁ በ2 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ያን ለማካካስ ኃይሉን በ1.6 ማባዛት ይበቃል፤ 10 ዋቱ 16 ይሆናል። ከዚህ የሚከብደው ሙቀቱ ነው። ሳሳ ያለ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ደግሞ እስከ 2,000 ሜትር ታስበው የተሠሩ ናቸው። በቁም ሣጥን ውስጥ የታፈነ ወይም ላዩ ላይ ዳንቴል የተጣለበት አምፕሊፋየር እዚህ ከሌላ አገር ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። ኦም ችላ ሲባል ጉዳቱ ይብሳል፦ አራት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በአንድ መስመር ጎን ለጎን ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ለ8 ኦም የተሠራ አምፕሊፋየር ከታሰበለት አራት እጥፍ ጅረት ይጠየቃል፤ ከዚያ ወይ ራሱን ያጠፋል ወይ ይቃጠላል።

ትልቅ አምፕሊፋየር መግዛትን የሚደግፉ ሰዎች ከባድ ክርክር አላቸው፤ ልናልፈው አይገባም። ትንሽ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጮህ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፤ ያ የተቆረጠ ድምፅ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትዊተር ያቃጥላል። ይህ እውነት ነው። ሌላም ማስረጃ ይጨምራሉ፤ መብራቱ ከ220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ፣ ብዙ አምፕሊፋየር ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛውን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ መጠባበቂያ ያስፈልጋል ይላሉ። እሱም ትክክል ነው። ግን መጠባበቂያውም ተቆጥሮ የሚያልቅ ነገር ነው። 16 ዋቱን ለመብራቱ መዋዠቅ፣ ለእንግዳ ቀንና ለጥንቃቄ በሦስት ብናባዛው እንኳ 50 ዋት አይሞላም። ከዚያ በላይ የሚወጣው ገንዘብ ከተሻለ ስፒከር ላይ የተነሳ ገንዘብ ነው። ሁሉንም በአንድ ሳጥን የያዘ ባለ ብሉቱዝ ስፒከር ይበቃል የሚሉም አሉ፤ ለትንሽ ክፍል እስማማለሁ። የድሮው ራዲዮ ግራሞፎንም የሠራው በዚያው መርህ ነው፤ ያጣጣመው ፋብሪካው ነበር። ጉድለቱ ሳጥኑ ጠባብ ሲሆን ወፍራሙ ድምፅ መታነቁ ነው፤ የበገና ርግብግቢትና የከበሮ ጥልቀት በመጀመሪያ የሚጠፉት እዚያ ነው።

ቤቱም ተለውጧል። የጭቃ ግድግዳና የአቡጀዴ ኮርኒስ ድምፅ ይውጡ ነበር፤ ብሎኬት፣ ሴራሚክና ሰፊ መስታወት ግን ድምፁን መልሰው ይወረውሩታል። እንዲህ ባለ ሳሎን ውስጥ ዋት መጨመር ማስተጋባቱን መጨመር ነው፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ የበለጠ ይረዳሉ። ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤትም አለ። ከአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በኋላ የወጣው የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ የሚፈቅደው በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው።

ስለዚህ ገዢዎች ሱቅ ስትገቡ የካርቶኑን ቁጥር ተዉትና ስፒከሩን አዙሩት። ስንት ኦም እንደሆነ፣ በ1 ዋት በ1 ሜትር ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ አንብቡ፤ ካልተጻፈበት ጠይቁ። አምፕሊፋየሩ በዚያው ኦም ላይ በተከታታይ ስንት ዋት እንደሚሰጥ ማሳየት ያልቻለ ሻጭ ዋጋ ሊጠራ አይገባውም። ስፒከር ቤታችሁ ካለ ደግሞ ይዛችሁት ሂዱ፣ አገናኝታችሁ የምታውቁትን ዘፈን ዝግ ባለ ድምፅ ስሙት፤ ዝግ ብሎ ጥርት ካላለ ሲጮህም አይጠራም።