የተጎዳ እግር ዕረፍትና የጭን ጡንቻ መድከም፤ አጭር የሕክምና ታሪክ

ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ለጥቂት ሳምንታት እግሩን መሬት ሳያስረግጥ የቆየ ሰው፣ እብጠቱ ከጎደለና ሕመሙ ከቀለለ በኋላም ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ሊከዳው ይችላል። የተጎዳው ቁርጭምጭሚቱ ሆኖ ሳለ የደከመው ጭኑ ነው። የጤና ባለሙያው ቁርጭምጭሚቱን ብቻ መርምሮ መዳኑን ከነገረው፣ ታካሚው ለቅሬታው መልስ ሳያገኝ ይመለሳል። ይህ ድካም ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ሕክምናው ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶበታል። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ድካሙን ያመጣው ራሱ መድኃኒት ተብሎ የታዘዘው ዕረፍት መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕረፍት እንደ ፈውስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለተጎዳ መገጣጠሚያ ዋነኛው ሕክምና ዕረፍት ነበር። የዚህ አስተሳሰብ ታላቅ ጠበቃ በለንደን የጋይስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የነበሩት ጆን ሂልተን ናቸው። ከ1860 እስከ 1862 በእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ስለ ዕረፍትና ስለ ሕመም የሰጧቸው ትምህርቶች በ1863 በመጽሐፍ ታትመው ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ተነበዋል። ሂልተን በስማቸው የሚጠራ የሥነ አካል ሕግም አበርክተዋል። ይኸውም ለአንድ መገጣጠሚያ የሚሰጠው ነርቭ መገጣጠሚያውን ለሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችና በላዩ ላይ ላለው ቆዳም ቅርንጫፍ ይሰጣል የሚል ነው። የዚህ ሕግ ትርጉም ለጭን ጡንቻ ድካም ምን እንደሆነ የተብራራው ግን ዘግይቶ ነው።

በሊቨርፑል ይሠሩ የነበሩት ሂዩ ኦወን ቶማስ (1834–1891) ይህንኑ መንገድ የበለጠ አጠበቁት። ቶማስ ትውልዳቸው ከዌልስ ወጌሾች ሲሆን፣ አባታቸውም ታዋቂ ወጌሻ ነበሩ። ለታመመ መገጣጠሚያ የታዘዘው ዕረፍት የተሟላ፣ ያልተቋረጠና የተራዘመ መሆን አለበት ብለው ያስተምሩ ነበር። በስማቸው የሚጠራው የእግር መደገፊያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጭን አጥንታቸው የተሰበረ በርካታ ወታደሮችን ሕይወት አትርፏል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ባልነበረበትና የመገጣጠሚያ ሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት ዘመን የተጎዳን አካል አጽንቶ ማሳረፍ በቂ ምክንያት ነበረው። ስሕተቱ ለከባድ ስብራትና ለመገጣጠሚያ ነቀርሳ የተገባውን ዕረፍት ለቀላል ወለምታ ጭምር ማዘዙ ላይ ነበር።

የተቃውሞ ድምፅ ከፓሪስ ተሰማ። ቀዶ ሐኪሙ ጁስት ሉካስ ሻምፒዮኒየር (1843–1913) ስብራትን በማሸትና ቀደም ብሎ በማንቀሳቀስ ማከም እንደሚገባ ተከራከሩ፤ በ1895ም በዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳተሙ። እንቅስቃሴ ለአካል ሕይወት ነው የሚለው አቋማቸው አድማጭ ቢያገኝም የጀሶውን ልማድ ለመለወጥ አልበቃም።

ከጦርነቱ የተገኘው ትምህርት

ለውጡን ያፋጠነው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮች የአሜሪካን ሠራዊት ሆስፒታሎች አጣበቡ። በጊዜው ይሰጥ የነበረው እንቅስቃሴ ክብደቱ ቀላል፣ ድግግሞሹ ብዙ በመሆኑ የጭናቸው ጡንቻ ቶሎ አያገግምም ነበር። በቺካጎ የጋርዲነር ሆስፒታል ሐኪም የነበሩት ቶማስ ዴሎርም ክብደት የማንሳት ልምድ ስለነበራቸው ሌላ መንገድ ሞከሩ። ታካሚው ክብደት የተጫነበት የብረት ጫማ አጥልቆ ጉልበቱን እንዲዘረጋ፣ የሚነሣውም ክብደት ጡንቻው በበረታ ቁጥር እንዲጨመር አደረጉ። ውጤቱን በ1945 አሳተሙ። በ1948 ደግሞ ከአርተር ዋትኪንስ ጋር ሆነው ዘዴውን አቀለሉት። ታካሚው ዐሥር ጊዜ ብቻ ማንሳት የሚችለው ክብደት ይለካል፤ ከዚያም የዚህን ክብደት ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉውን በቅደም ተከተል ዐሥር ዐሥር ጊዜ ያነሣል። የደከመ ጡንቻ በርትቶ የሚመለሰው በልክ ሲጫን ነው የሚለው መርሕ በዚህ ሥር ሰደደ።

በዚያው ወቅት የአልጋ ዕረፍት ራሱ ተመረመረ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር በ1947 መተኛት ስለሚያስከትለው አደጋ ጽፈው የሙያ ባልደረቦቻቸውን አስጠነቀቁ። በ1948 ደግሞ ዲትሪክ፣ ዊደንና ሾር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 4 ጤነኛ ወጣቶችን ከወገብ በታች በጀሶ አስረው ለ6 እና ለ7 ሳምንታት አቆዩ። ወጣቶቹ ምንም ጉዳት ሳይኖርባቸው ናይትሮጅንና ካልሲየም ከሰውነታቸው ጎደለ፤ ጡንቻቸውም ደከመ። ዕረፍቱ ብቻውን ድካም ማምጣቱ ተረጋገጠ።

ሁለት የተለያዩ መንገዶች

ሆኖም ጡንቻ የሚደክመው ሥራ በመፍታቱ ብቻ አይደለም። ዴ አንድራዴ፣ ግራንትና ዲክሰን በ1965 ባሳተሙት ጥናት ጉልበት ውስጥ ፈሳሽ ሲጨመር የፊት ጭን ጡንቻ እንደሚታገድ አሳዩ። በ1984 ስፔንሰርና ባልደረቦቻቸው በጤነኛ ጉልበት ላይ መጠኑን ለኩ፤ የውስጠኛው ጭን ጡንቻ በ20–30 ሚሊ ሊትር፣ የተቀሩት ደግሞ በ50–60 ሚሊ ሊትር ገደማ መታገድ ጀመሩ። ከተወጠረው መገጣጠሚያ የሚነሣው መልእክት በኅብለ ሰረሰር በኩል ጡንቻውን ያግደዋል ማለት ነው። መገጣጠሚያና ጡንቻ በነርቭ የተሳሰሩ መሆናቸውን ያስተማሩት ሂልተን ነበሩ፤ የዕረፍት ጠበቃው ሕግ ዕረፍት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ የሚያስረዳ ሆነ።

የቁርጭምጭሚት ወለምታ ግን ከጉልበት ጉዳት ይለያል። ማይክል ፍሪማን በ1965 ከወለምታ በኋላ እግር የሚከዳው ጅማቱ በመላላቱ ብቻ ሳይሆን ከመገጣጠሚያው የሚመጣው የአቋም ስሜት በመጓደሉም እንደሆነ ጽፈው፣ በሚወዛወዝ ሰሌዳ ላይ የሚደረግ የሚዛን ልምምድ እንዲሰጥ መከሩ። በ2007 የታተመ የሴዶሪና ባልደረቦቻቸው ጥናት ደግሞ ቁርጭምጭሚታቸው በተደጋጋሚ በሚከዳቸው ሰዎች ላይ የኋላ ጭን ጡንቻ በሁለቱም እግር ታግዶ፣ በተጎዳው በኩል የፊት ጭን ጡንቻ ግን ይልቁን ተነቃቅቶ አገኘ። በመሆኑም ከወለምታ በኋላ የፊት ጭን ሲመነምን መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው እግሩ ሳይረግጥ የቆየበት ጊዜ ነው።

ይህ ጊዜ አጭር ቢሆንም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በ2014 የታተመ የዎልና ባልደረቦቻቸው ጥናት የጤነኛ ወጣቶችን አንድ እግር ጉልበቱ ላይ በጀሶ አስሮ ነበር። በ5 ቀን ውስጥ የፊት ጭን ጡንቻ ስፋት በ3.5 በመቶ፣ ኃይሉ በ9 በመቶ ቀነሰ፤ በ14 ቀን ደግሞ ስፋቱ በ8.4፣ ኃይሉ በ23 በመቶ ወረደ። ኃይል ከመጠን ይልቅ ፈጥኖ ስለሚጎድል፣ ጭንን በሜትር ለክቶ ልዩነት አለማግኘት ድካም የለም አያሰኝም።

በ1978 አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ለስፖርት ጉዳት ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚሉትን አራት ምክሮች በአንድ ምሕጻረ ቃል አስተዋወቁ። ምክሩ በዓለም ዙሪያ ተለመደ፤ እሳቸው ግን በ2014 በረዶና ሙሉ ዕረፍት መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ገልጸው አቋማቸውን ለወጡ። ዛሬ ስብራት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ሕመም በሚፈቅደው መጠን ቶሎ ማስረገጥና ማንቀሳቀስ የወለምታ ሕክምና አካል ነው።

የቶማስ መደገፊያ ሕይወት እንዳተረፈ ሁሉ ዕረፍት ዛሬም ቦታ አለው። የዕረፍት ትእዛዝ ግን እንደ ማንኛውም መድኃኒት መጠን፣ የሚያበቃበት ቀንና የጎንዮሽ ጉዳት እንዳለው ታሪኩ ያስተምራል። ክራንች የሚሰጥ ባለሙያ ክራንቹ የሚጣልበትን ጊዜ አብሮ ቢናገር፣ ታካሚው ተኝቶም ቢሆን ጉልበቱን ዘርግቶ ጭኑን እንዲያጠብቅና ቀጥ ያለ እግሩን እንዲያነሣ ቢያሳየው፣ በቀጠሮው ቀንም ከቁርጭምጭሚቱ ጋር የሁለቱን ጭኖች ኃይል ቢያነጻጽር፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ድካም ይከላከላል። ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያሻውም፤ የሚፈልገው ሁለት ነጻ እጆችና ከወለምታው በላይ የሚያይ ዓይን ነው።