ጎርጎራና ደብሯ ደብረ ሲና ማርያም

ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎንደር በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ከጎንደር የተነሣ መንገደኛ በአዘዞ በኩል ወርዶ ቆላ ድባንና ጯሂትን ሲያልፍ ይደርስባታል፤ ከባሕር ዳር የሚመጣ ደግሞ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ይሻገራል። ከጀርባዋ የደምቢያ ሜዳ ተዘርግቷል። ሜዳው ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት የዋልካ መሬት ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ በቀረው እርጥበት ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። ከፊቷ ያለው ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እህሉ ከኋላ፣ ዓሣውና የውኃው መንገድ ከፊት መሆናቸው የጎርጎራን ዕጣ ወስኗል፤ ነገሥታቱንም፣ ሚሲዮናውያኑንም፣ ጣሊያኖቹንም ወደዚች ዳርቻ የሳበው ይኸው አቀማመጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት “ዓ.ም.” ካልተባለባቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንዲትን የአውሮፓ ገጠር መንደር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሥራው በአንድ በኩል ቀላል ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ካህናት የተጠመቀውንና የተጋባውን እንዲመዘግቡ ካዘዘች ወዲህ፣ የብዙ አጥቢያዎች ሕዝብ በስም ተጽፎ ተቀምጧል። በጣና ዳር እንዲህ ዓይነት የተሟላ መዝገብ አልነበረም። የጎርጎራ ታሪክ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል፣ በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ከሰፈሩ ማስታወሻዎች፣ ከግድግዳ ላይ ጽሑፎች፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የሆኑት ኢየሱሳውያን ወደ ሮምና ወደ ጎዋ ከላኳቸው ደብዳቤዎችና ከደብሩ ካህናት ትውፊት ተለቃቅሞ ነው የሚገኘው። የሚገርመው ግን ከእነዚህ ሁሉ ምንጮች ይልቅ ብዙ የሚናገረው ዛሬም ቆሞ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው።

ደብረ ሲና ማርያም የተመሠረተችው በ14ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት (1314–1344) እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል። ዘመኑ በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ገዳማት የተስፋፉበት ነው። በጎርጎራ አካባቢ ያሉት ማንድባ መድኃኔዓለም፣ ብርጊዳ ማርያምና የገሊላ ደሴት ገዳምም ከጥንታውያኑ ይቆጠራሉ። መነኮሳቱ ወደ ደሴቶቹ ሲያመሩ ከዓለም ርቀው ለመጸለይ ነበር፤ ደብረ ሲና ግን በየብሱ ዳር ያለች በመሆኗ ከገበሬው፣ ከዓሣ አጥማጁና ከመንገደኛው ተለይታ አታውቅም። ታቦቷ የአጥቢያ ታቦት ነው፤ ክርስትና የሚነሣው፣ ተዝካር የሚወጣው፣ ሙት የሚቀበረው እሷ ዘንድ ነው።

የአሁኑ ሕንፃ ከ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንደመጣ ይታመናል። አሠራሩ የጣና ዳር አብያተ ክርስቲያናት የተለመደ አሠራር ነው፦ ዙሪያው ክብ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ሣር። ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን መቅደሱ ይገኛል። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው። ያሠራቻቸው የዐፄ ሱስንዮስ ልጅ፣ የዐፄ ፋሲል እኅት ወይዘሮ መለኮታዊት እንደሆነች ይነገራል። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች እነዚህን ሥዕሎች ቀዳማዊው የጎንደር አሣሣል ከተባለው ስልት ጥንታዊ ከሆኑት ምሳሌዎች ይመድቧቸዋል። ፊቶቹ ክብ፣ ዓይኖቹ ትላልቅ፣ የልብሶቹ እጥፋት ትይዩ መስመሮች ናቸው፤ ከሥዕሉ ኋላ ሰማይም ዛፍም አይታይም፣ ጠፍጣፋ ቀለም ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገርም ወደ አገሩ ገብቷል። ኢየሱሳውያን በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂዎች ይዘው መጥተው ነበር። ልጇን በግራ እጇ አቅፋ፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ላይ ደርባ፣ በቀኝ እጇ ሁለት ጣት ዘርግታ የምትታየው ይህች ምስል በኢትዮጵያውያን ሠዓልያን እጅ ገብታ በአገሩ ሁሉ ተሠራጨች። ሕዝቡ የሮምን ሃይማኖት በጦር ተቃውሞ ሲያበቃ የሮሟን ሥዕል ግን የራሱ አድርጎ አስቀርቷል። ዛሬ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የምትታየው “ምስለ ፍቁር ወልዳ” የዚያች ሥዕል ዝርያ መሆኗን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ነገሥታቱ ወደ ጣና ሰሜን የመጡት ከ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። የግራኝ አሕመድ ጦርነትና የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት የመንግሥቱን ማዕከል ከሸዋና ከደቡብ ገፍቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ አዞረው። ነገሥታቱ በጋውን በዘመቻ፣ ክረምቱን በአንድ ቦታ ሰፍረው ያሳልፉ ነበር፤ ለክረምት ሰፈር ደግሞ እህል የሞላበት ደምቢያና በስተደቡብ እንደ አጥር የሚከላከል ሐይቅ ምቹ ነበሩ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ ጉዛራን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1607 ዙፋኑን የያዘው ሱስንዮስ መጀመሪያ ቆጋ ተቀመጠ፣ ከዚያ ጎርጎራ፣ በኋላም ደንቀዝ።

ጎርጎራን በዓለም መጻሕፍት ያስጠራት ፔድሮ ፓኤዝ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1564 በማድሪድ አቅራቢያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በደቡብ ዓረቢያ ጠረፍ ተይዞ ዓመታት በየመን ምርኮ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1603 በሁለተኛው ሙከራው ምጽዋ ደረሰ። አማርኛና ግዕዝ የተማረ፣ በጠብ ሳይሆን በጭውውት የሚያሳምን ሰው እንደነበረ ይነገራል። ሱስንዮስ ለኢየሱሳውያኑ በጎርጎራ መሬት ሰጣቸው፤ ፓኤዝም ለንጉሡ በሐይቁ ዳር ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት፣ ለማኅበሩ ደግሞ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሠራ።

ስለ ግንባታው ከባልደረቦቹ የተጻፈው ዝርዝር ለአንባቢ ይጣፍጣል። በአካባቢው የድንጋይ ጠራቢ መሣሪያ ስላልነበረ ፓኤዝ መዶሻውን፣ መሮውን፣ መጥረቢያውን እንዴት እንደሚሠሩ ለአንጥረኞች እያሳየ አሠራ፤ ከዚያም ሰዎቹን እየሰበሰበ ድንጋይ መጥረብ አስተማራቸው። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በጭቃ እንጂ በኖራ የተያያዘ አልነበረም። ኖራው የተገኘው ፓኤዝ ከሞተ በኋላ፣ በ1620ዎቹ አጋማሽ ነው። ከህንድ የመጣ ሰው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ አይቶ፣ ይህ ቢቃጠል ኖራ ይወጣዋል ብሎ ሞከረና ተሳካለት። ከዚያ ወዲህ የደምቢያና የጎንደር ግንቦች ሁሉ በኖራ ተሠሩ። የጎንደርን ግንቦች ማን ሠራቸው በሚለው ክርክር “ፖርቱጋሎች” የሚለው መልስ በየአስጎብኚው አፍ አለ። ኢየሱሳውያኑ ግን ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት ተባርረዋል። ግንቡን ያነሱት በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአዘዞ ሥራውን የለመዱት የአገሩ ግንበኞች መሆናቸው የሚያመዝን ይመስላል።

ፓኤዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1618 ከንጉሡ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን አየ፤ ያየውንም “የኢትዮጵያ ታሪክ” በተባለ ትልቅ የፖርቱጋልኛ መጽሐፍ ጻፈ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ምንጩን ያገኘሁ እኔ ነኝ ለማለት የፓኤዝን ምስክርነት ሊያጣጥል ሞክሯል፤ ሙከራው በብሩስ ክብር ላይ እንጂ በፓኤዝ ላይ ጥላ አላጠላም። ለምንጩ ዳር ለሚኖረው የሰከላ ሰው ግን የሁለቱም “ግኝት” እንግዳ ወሬ ነው። ፓኤዝ መጽሐፉን እንደጨረሰ፣ በግንቦት 1622 በጎርጎራ በንዳድ ሞተ። የደምቢያ ንዳድ ኋላ እንደሚታየው ገና ብዙ ሰው ይጨርሳል።

ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን በይፋ ያወጀው በዚያው ሰሞን ነው። በፓኤዝ እግር የተተካው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1625 ደረሰ፤ በየካቲት 1626 ንጉሡና መኳንንቱ በደንቀዝ ለሮም ጳጳስ መታዘዝን ማሉ። ከዚያ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፣ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ጾሙና በዓላቱ በሮም ሥርዓት እንዲሆኑ ታዘዘ። ትእዛዙ የነካው መጻሕፍትን ብቻ አልነበረም፤ የየአጥቢያውን ቄስ ክህነት፣ የየቤቱን ልጅ ጥምቀት፣ የእያንዳንዱን ሰው ረቡዕና ዓርብ ነካ።

በጎርጎራ በኩል ግንባታው የተፋጠነው በዚሁ ጊዜ ነው። ከዛሬዋ ከተማ በስተምዕራብ ወደ ሐይቁ በገባው ልሳነ ምድር ላይ፣ በኖራ የተገነባ ትልቅ ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ ተሠራ። አዲስ ጎርጎራ ይባል የነበረው ይህ ሥፍራ ዛሬ “ማርያም ግንብ” በሚል ስም ይታወቃል። ጣሪያው የድንጋይ ቅስት ነበር፤ ቅስቱና ግድግዳዎቹ ከህንድና ከፖርቱጋል አሠራር በተቀዱ የአበባ ቅርጾች ተጌጠዋል።

ዓመፁ ከየአቅጣጫው ተነሣ። በሰኔ 1632 በወይና ደጋ ሱስንዮስ የላስታን ዓመፀኞች ድል ቢያደርግም የወደቀው ሰው ብዛት በሺህ የሚቆጠር ሆነ። በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ ነግሮ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ፤ መስከረም ላይ ሞተ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን መጀመሪያ ወደ ሰፈራቸው ወደ ፍሬሞና ላካቸው፣ ቀጥሎም ከአገር አስወጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደር ተቆረቆረች፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ገበያው፣ ሊቃውንቱና አንጥረኛው ወደዚያ ሄዱ። ጎርጎራ የመንግሥት መቀመጫነቷ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ሕንፃዎች ዕድል ተለያየ። በማርያም ግንብ የሚቀድስ ካህን፣ የሚያስቀድስ አጥቢያ አልነበረም። ቅስቱ ተሰነጠቀ፤ የውኃው እርጥበትና የዛፍ ሥር የቀረውን ናደው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያናዊው ሞንቲ ዴላ ኮርቴ ሕንፃውን ሲያጠና ከዛሬው እጅግ የሚበልጥ ክፍል ቆሞ ነበር። ከ2006 ጀምሮ የማድሪድ ኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ቡድን በጎርጎራ፣ በአዘዞ፣ በደንቀዝና በሌሎች የኢየሱሳውያን ሥፍራዎች ጥናት ሲያካሂድ ያገኘው በአብዛኛው ፍርስራሽ ነው።

የደብረ ሲና ጭቃና ሣር ግን ኖረ። የሣር ክዳን በራሱ አይበረክትም፤ በየጥቂቱ ዓመት ይነቀላል፣ አዲስ ይከደናል። ይህ ሥራ የአጥቢያው ነው። ሣሩን የሚያጭደው፣ በሸክምና በታንኳ የሚያመጣው፣ ጠፍሩን የሚያቀብለው ምእመን ነው፤ ሴቶቹ ጠላና እንጀራ ያቀርባሉ፣ ጉልላቱ ሲወርድና ሲወጣ ካህናቱ ይጸልያሉ። ድንጋዩን አንድ ንጉሥ በአንድ ዘመን ሊያስቆመው ይችላል፤ ሣሩን ግን ትውልድ ሁሉ እየተቀባበለ ካልከደነው አንድ ክረምት አያልፍም። የደብሯ ረጅም ዕድሜ ምስጢር ከዚህ የራቀ አይመስልም።

ዳርቻዋ ግን ከጦር አላረፈችም። በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1853፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የዘመኑን ገዥ የራስ ዓሊን መኳንንት ጎርጎራ ብችኝ በተባለ ቦታ አሸነፈ፤ በሁለት ወር ልዩነት ራስ ዓሊን ራሱን አይሻል ላይ መታ። ድሎቹ ለካሣ፣ ለኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የንግሥና መንገድ ከፈቱ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን መሐዲስቶች ጦር በደምቢያ፣ ሳር ውኃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፎ ጎንደርን አቃጠለ። የደምቢያ ገበሬ የዚያን ዘመን እልቂት ገና ሳይረሳው “ክፉ ቀን” የሚባለው ረሀብ ተከተለ።

ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት ወረራ ጎርጎራን የሐይቁ ሰሜናዊ ወደብ አደረጓት። እስከዚያ ድረስ በሐይቁ ላይ የሚሄደው የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች የሆኑት ወይጦዎች ከደንገል የሚያስሩት ታንኳ ነበር። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይጠፈራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፣ ቢበዛ ወራት አገልግሎ ይጣላል። የሞተር ጀልባ ከመጣ በኋላም ታንኳው ለዓሣና ለቅርብ መንገድ አልቀረም። በኋላ ዘመን የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ እያለ ጎርጎራ የሚደርስ የሳምንት ጀልባ ጀመረ። እሑድ ጠዋት የተሳፈረ ሰው ቁንዝላ አድሮ ሰኞ ጎርጎራ ይወርድ ነበር።

ንዳዱ ቀን የጠበቀ ይመስል፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደምቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ገደለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ኮሌጅ ነው።

የአጥቢያዋን አኗኗር ከጦርነቱ ሁሉ በላይ የለወጠው ግን ሕግ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ደንብ ሰበካ ጉባኤን አቋቋመ፤ ካህናትና ምእመናን በአንድነት ደብሩን እንዲያስተዳድሩ፣ አባሉም ዓመታዊ አስተዋጽኦ እንዲከፍል ደነገገ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ርስትና ጉልት ወሰደ። ካህኑ እንደማንኛውም ገበሬ አራሽ ሆነ፤ የመብራቱ ጧፍ፣ የዕጣኑና የክዳኑ ወጪ በአጥቢያው ኪስ ላይ ወደቀ። ቃለ ዓዋዲው ቀድሞ ባይወጣ ኖሮ የብዙ ገጠር ደብር ደጅ ይዘጋ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ መቶ ዘመን ጎርጎራ እንደገና የመንግሥትን ዓይን ስባለች። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዘገበ፤ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ ታይቶ ዓሣ አስጋሪውንና የዳር እርሻውን መፈተን ጀምሮ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ የ“ገበታ ለሀገር” መርሐ ግብር ጎርጎራን ከወንጪና ከኮይሻ ጋር መረጣት፤ የተሠራውም ሪዞርት በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ። በአካባቢው የዘለቀው ግጭት ግን የእንግዳውን እግር እስካሁን አሳጥሮታል። እንግዳ ሲኖር ደብረ ሲና ማርያምን ይጎበኛል፤ ማርያም ግንብን ለማየት የሚሻ በጀልባ ወደ ልሳነ ምድሩ ይሻገራል። በቀሩት ቀናት ደብሯ የምትኖረው በሰበካ ጉባኤው መዋጮ ነው።